ዋሴ ይርሳው

ከአዘዞ ፒያሳ መንገዱ አንድ ነበር፣
ባለ ሦስት እግሯን ይዣት ስበር።
ዛሬ በሁለት እግር ሰባት ሆኖ አረፈው፣
አንዱን አበዳሪ በጓሮ ሳልፈው።

በአውቶፓርኮ አልወጣም፤ ኑርሁሴን አለ፣
ሁለት ጎማ ሰጥቶ “ቅዳሜ” ያስባለ።
ስንት ቅዳሜ መጣ፣ ስንት ቅዳሜ አለፈ፣
እሱ እዚያው በሩ ላይ፣ ስሜን እንደጻፈ።
በአራዳም አልዘልቅም፤ ወፍጮው እያጓራ
የሩብ ኩንታሉን ጤፍ በስሜ ሲጣራ።
እትዬ ትርንጎ ባትሰድብም፣ ባትቆጣ፣
“ጠፋህሳ” ስትለኝ ላቤ ነው የሚመጣ።

ስለዚህ በግንቡ አጥር ጥግ ጥጉን ዞሬ፣
ኮፍያዬን ጎትቼ፣ አንገቴን ቀብሬ
እሄዳለሁ።
አንዳንዴ ያስቀኛል ድንጋዩን ስዳስሰው፦
ንጉሡ የጠራቢን ሒሳብ ከፍሎ ጨረሰው?
ወይስ ያም ግንበኛ፣ ኖራ የለቀለቀው፣
“ቅዳሜ” ተብሎ ነው እስካሁን የጠበቀው?

ባጃጇ የብድር ነበረች። ዕዳ ከሜዳ አይደለም፤
እጄ ነው የፈረመው፣ ማንንም አልከስም።
በአርባ አራቱ ታቦት ሥራ በሚፈታ
ከተማ፣ ወለድ ነው የማያርፍ ለአፍታ።
ሦስት ቀን ለቤንዚን ሰልፍ፣ ሳምንት ለሞተር፣
መንገድ ሲዘጋጋም እቤት ሆኜ ሳድር፣
እሱ ሠራብኝ እንጂ እኔስ አልሠራሁም፤
ባጃጇን ሲወስዷት ወጥቼም አላየሁም።
እንጉዳይ ግን ወጥታ፣ ከኋላ ወንበር ሥር
የልጃችንን ሸበጥ ስትፈልግ ነበር።
“ይቺ ብድር የለባት” ብላ ይዛ ገባች፤
ያን ዕለት ሌላ ቃል ከአፏ አላወጣች።

ይኼ ሁሉ ገለባ ነው።
ፍሬው፣ ሌሊት የሚያነቃኝ፣ የሒሳብ መምህሩ ነው።
ሊፈርምልኝ መጥቶ፣ “የዋሱ ስም?” ሲሉት “ይርሳው” አለ፤
“ዕዳውን?” አለች ጸሐፊዋ። ሳቅን። ነገሩም ቀለለ።

ይኸው አሥራ አንድ ወር ደሞዙ ይቆረጣል፤
መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እጄን ይጨብጣል።
ያው ጫማ እግሩ ላይ፣ ተሰፍቶ ተሰፍቶ፣
“ልጆች ደህና?” ይለኛል፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ።
የሚጮኽብኝስ ጩኸቱ ያግዘኛል፤
ዝም ያለኝ ሰው ግን በዝምታው ይገዛኛል።

ትናንት፣ ሐሙስ፣ መሸሹ ራሱ ደከመኝ።
ከትምህርት ቤቱ በር ቆምኩ፣ ደወሉ እስኪደወል።
ወጣ፤ ጣቶቹ ጠመኔ።
“ጋሼ ይርሳው፣ የለኝም” አልኩት።
ይቺን ቃል በአፌ ሙሉ ብያት አላውቅም ነበር፤
ሁልጊዜ “ነገ” ነበር የማለብሳት።
“ነገም የለኝም። ኮብልስቶን ጠረባ ገብቻለሁ፤
በሳምንት ሁለት መቶ ብር፣ ከዚያ አያልፍም።”

አልመለሰልኝም። ከኪሱ ስባሪ ጠመኔ አወጣ፤
በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ጻፈ፣ አካፈለ፣
አንድ ቁጥር ተሳሳተ፣ በእጅጌው አጠፋ፣ እንደገና።
“ስድስት ዓመት ከመንፈቅ” አለ።
“እኔ ጡረታ የምወጣው በስምንት ነው።
እንደርሳለን።”

ሁለቱን መቶ ቆጥሮ ተቀበለኝ፤
እንደ ዕዳ ቆጠረው፣ እንደ ምጽዋት አልመለሰው።
ለዚህም አመሰገንኩት፣ በሆዴ።

ከአዘዞ ፒያሳ መንገዱ ስድስት ሆነ።
ኑርሁሴን አሁንም በሩ ላይ ነው።
ነገ ቅዳሜ ነው።