አትንኩት

እኔ ነጥብ መዝጋቢ፣ ጠረጴዛ ጠባቂ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ላብ አርቃቂ።
ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ሳተ፣
ማን በአምስት ጥፋት ወጥቶ ፎጣውን እንደ ጎተተ፣
ደብረ ማርቆስ ላይ ከኔ መዝገብ ያመለጠ የለም፤
አንድ ልጅ ካልሆነ፤ እሱም አላመለጠም፣
እኔ ነኝ የዘለልኩት።

እናቱ እማዋይሽ በመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ልብስ ታጥብ ነበር፤
ከሩቅ ምሥራቅ የመጣው ቀያሽ፣ ባለሦስት እግሩን መነጽር
ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዳገቱን ሲለካ
ልቧ ድረስ ኖሯል የቀየሰው ለካ።
አስፋልቱ አለቀ። ሰውየውም
በሠራው መንገድ ሄደ፤ ዞሮ አላየም።

ልጁ ሲወለድ፣ አራስ ጠያቂው ዓይኑን በጣቱ ሊከፍት፣
«እስቲ ይንቃ፣ እንቅልፋም!» እያለ ሲስቅበት፣
እናት ከመደቧ ላይ «አትንኩት!» ብላ ጮኸች፤
ያንኑ ጩኸት ስም አድርጋ አጸደቀች።
አትንኩት አንለይ። አንለይ የአያቱ ነው።
ሰፈሩ ግን «ቻይና» አለው፤
ትምህርት ቤቱ «ቻይና»፣ ባጃጅ ነጂው «ቻይና»፣
እኔም፣ ምን ልሸሽግ፣ ከነሱ አንዱ ነኝና።

አሥራ ሰባት ሲሞላው፣ ጮቄ ክለብ ለሙከራ ጠራ ሲባል፣ መጣ።
አሰልጣኝ ስሜነህ ከእግር እስከ ራሱ አየውና
«ጠረጴዛ ቴኒስ ከታች ነው፣ ከአዳራሹ» አለና
ፊሽካውን ነፋ።
ልጁ አልወረደም። መወልወያ አንሥቶ
ዝናብ ያደረበትን ሜዳ ገፋ፣ ገፋ።
ሁለት ክረምት እንዲህ።
ሲሚንቶው የት የት እንደ ተሰነጠቀ፣
ኳስ በየትኛው ጥግ ስትነጥር ነፍሷ እንደሚወጣ፣
ከዚያ ከመወልወያ በቀር ማን አወቀ?
ደመወዝ በሌለው ማልያ፣ አሥራ ሁለተኛ ሆኖ
ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከመዝገቤም ግርጌ
«ቻይና» ብዬ ጻፍኩት፤ ማን ያነበዋል ብዬ።

ግንቦት። ባሕር ዳሮች መጡ፤ በአሥራ አራት ነጥብ መሩን።
አንዱ አቀባያችን ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፤ ሌላው አምስት ጥፋቱን
ሞልቶ ወጣ። አሰልጣኙ ወንበሩን አየ፤
ወንበሩም እሱን አየ።
«በል ቻይና፣ ተነሥ።»

ተነሣ። አልተጣደፈም።
የባሕር ዳሩን አቀባይ እየሸኘ፣ እያባበለ፣
ወደዚያች ስንጥቅ ነዳው። ኳሷ መሬት ነካችና ቀረች፤
ሰውየው ባዶ እጁን ሲያይ፣ ከወዲያ መረቡ «ሿ» አለ።
ሦስት። ደግሞ ሦስት። እስክርቢቶዬ ወረቀት ቀደደ።
ከዚያ ያ ሎጋ የመሀል ተጫዋቻቸው በክርኑ አገኘው፤ ልጁ ወደቀ።

ከላይ፣ ከድንጋይ መቀመጫው፣ የአንዲት ሴት ድምፅ፦ «አትንኩት!»
ሕዝቡ ተቀበላት፦ «አትንኩት! አትንኩት!»
ዳኛው አቤቱታ መስሎት ተቆጣ፤
እኔ እስክርቢቶዬን ጣልኩ።
ቅኔ በሚዘረፍበት አገር፣ ያ ሁሉ ሰው
ሰሙን ይዞ ይጮኻል፤ ወርቁ እናትየዋ ጋ ነው።

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።
ተሸናፊ አዝሎ የሚወጣ ሕዝብ ያን ቀን አየን።

ቀጥሎ ዘጠኝ ጨዋታ በቋሚነት ገባ። በመስከረም ደብዳቤ ደረሰ፤
የአዲስ አበባ ክለብ፣ ደመወዝ፣ የሦስት ዓመት ፊርማ።
ጸሐፊያቸው ደወለች፦ «የላካችሁትን መዝገብ አገላበጥን፤
አትንኩት የሚባል የለበትም። ይኼ ቻይና ማን ነው?»
ዝም አልኩ። ስልኩ ይቆጥራል።

ማታ እኔና ስሜነህ ምላጭ ይዘን መዝገቡ ላይ አጎነበስን፣
ቀለሙን ልንፍቅ፣ ስሙን ልንመልስ።
ለካ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ሊሰናበት።
ገጹን አየ፣ እኛን አየ፣ ሳቅ አለ፦
«አትንኩት።»