ዋጋው በፊደል ነው

የፒያሳው ሱቄ ከፈረሰ ወዲህ፣
አራት ኪሎ ገባሁ፣ ምድር ቤት፣ እዚህ፤
ደረጃው ዘጠኝ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣
አምፖሉ ሲጠፋ ሲበራ የዋለ።
መቅረጫዬን ይዤ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ስም ስቀርጽ ሸብቼ፣
የራሴን ስም ግን የጻፍኩበት የለም፣
ከንግድ ፈቃዴ በቀር፤ እሱም በቀለም።

ሰው በሰኔ ያርሳል፣ እኔ አጭዳለሁ፤
ሐምሌ ሳይገባ ዝርዝር እቀበላለሁ፣
ከስድስት ኪሎ በሞተር የመጣ፣
ከየትምህርት ክፍሉ አንደኛ የወጣ።
ሜዳሊያ፣ ዋንጫ፣ የክብር ሰሌዳ፤
ዋጋው በፊደል ነው።
"ሣራ" ትረክሳለች፣
"ወልደገብርኤል" ለዩኒቨርሲቲው ዕዳ።

አዳራሹን አላየሁም፣ አንድም ቀን፤
ጭብጨባውን የምሰማው በቴሌቪዥን።
ስም ተጠርቶ እናት እልል ስትል፣
እኔ የማየው ያቺን "ለ" ነው፤
አንድ እግሯ ወልገድ ብሏል።

ሜዳሊያው ነሐስ ነው፤ ወርቁ ቅብ፣ ስስ።
ቅኔ ቤት የዋለ አጎቴ፣ ነፍሱን ይማር፣ ሲያላግጥብኝ፦
"ሰም ከላይ ነበረ፣ ወርቅ ከውስጥ የሚገኝ፤
አንተ ገለበጥከው፣
ወርቁን ከላይ ቀብተህ ሰሙን ውስጥ ሸሸግከው።"
ምን እመልሳለሁ?
የቤት ኪራይ አለብኝ አልኩት።

ነሐሴ እኩሌታ፣ ዶፉ በደረጃው እየወረደ፣
አንዲት ልጅ አብራው ወረደች።
ከጃኬቷ ኪስ አወጣች፣ በመሐረብ የተጠቀለለ፤
አወቅኩት፤ የኔ እጅ ነው፤ ያቺው ወልጋዳ "ለ"።
ጸዳለ ዘርጋው። ሲቪል ምህንድስና። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ስምንት።

የፊደል ክስ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤
በየዓመቱ አይቀርም፣ ስድቡን ለምጃለሁ፦
ሐመሩን ሐ ትተህ ሃሌታውን የሚል፣
ወይ "የኔ ጸሎቱ ነው፣ ፀሐዩማ አይደል!"
የተቀረጸ ነሐስ አይሰፋም ልል ስል፣

"ፊቱስ ደኅና ነው" አለች። "ጀርባው ባዶ ነው።
አንድ ስም ይጻፉልኝ። ስንት ነው?"
"በፊደል አርባ።"
"የማን?" አልኳት።
ጃንጥላዋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋች፣ አጠፈች።

"ተደራራቢ አልጋ ነበር፤ እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች።
መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን
ጣሪያው ላይ በጣቷ ትጽፍልኛለች፤
ኢንተግራል የገባኝ እዚያ ጣሪያ ላይ ነው፣ ምንም ሳይጻፍበት።
ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ሁለተኛ ነበርኩ፤ ሬጅስትራር ይጠይቁ።
ሦስተኛው ላይ አባቷ ከሚሠራበት ፎቅ ወደቀ፣
ቦሌ በኩል፤ ገመድ አልሰጡትም።
ሦስት ታናናሾች አሉ።
አሁን መርካቶ ብሎንና ሚስማር ትመዝናለች።
ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ፤
መድረኩ ሥር ስደርስ ግን እግሬ ቆመ፣
ሰው ቀድሞኝ እንዲወጣ የሚጠብቅ ይመስል።"

"ስሟ?"
"ትብለጥ።"

አራት ፊደል። ሜዳሊያውን ገልብጬ አሠርኩት።
ትን ቀረጽኩ። ብን ቀረጽኩ።
ለ ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ፤
ሁለቱም እግሯ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ በስተርጅና።
ጥን ጨረስኩ፣ አቧራውን እፍ አልኩት።

እንግዲህ ዲኑ ቢያነበው ምርቃት ይመስለዋል፣
"ትብለጥ ብለዋታል፣ ትበልጣለች" ይላል፤
አጎቷም፣ አሠሪዋም፣ የሚያገባትም ሰው
አሜን ብሎ ያልፋል፣ ስም መሆኑን ሳያውቀው።

መቶ ሥልሳ ቆጠረች። አርባውን መለስኩላት።
"ተሳሳቱ" አለች።
"ለን አልሸጥኩልሽም" አልኳት፣
"የቆየ ዕዳ ነበረብኝ።"

ሜዳሊያውን ጠቅልላ ወጣች፤
አራተኛው ደረጃ ላይ ቆማ በጫማዋ ረገጠችው።
"ይሄ ወደ ውስጥ ዘንብሏል፤ ውሃው ለዚህ ነው የሚገባብዎ።
በጣት ስፋት ከኋላው ከፍ ያስደርጉት።"
ሁለት ደረጃ ወጣችና ዞረች፦
"ትብለጥ ብትሆን ገና ስትወርድ ታየው ነበር።"