ውሃው እስኪለምድ

ጅብሪል ከጅቡቲ ሲመለስ በሌሊት፣
ተሳቢውን አቁሞ ከፍሪጅ ቤቴ ፊት፣
በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ
ድንጋይ አወረደ፣ ባሕር ባሕር ያለ።
«ነፍስ አለበት» አለኝ፣ ሲያቀብለኝ በእጁ፤
ሳቀብን ለሜሳ፣ ጎማ ሠሪው፣ ከደጁ፤
«ቦኩ ሥር ተወልዶ ድንጋይ ይገዛል ወይ?
ያውም በዶላር?» አለ፣ አንጋጦ ወደ ሰማይ።

በዚያው ሳምንት ነበር ኢፍቱ የመጣችው፣
የሚስቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቦርሳ ያዘለችው።
ጫማዋን አላወለቀች። «አባ» አላለችኝ።
እንደ ቆጣሪ አንባቢ፣ ከበር ቆማ አየችኝ።

መስታወቱን ራሴ ነኝ በሲልኮን ያጣበቅሁት፣
ጨዉንም በሚዛን ለክቼ ያሟሟሁት።
ከተገጣጠመ፣ ሞተሩ ከዞረ፣
አለቀ መስሎኝ ነበር።
ገና መች ጀመረ!

መጀመሪያ ሸተተ። ውሃው ተመረዘ፤
በመንገድ የሞተው ውስጡ ተበረዘ።
ቱቦዋ ላይ ጠብታ አረንጓዴ ሆነች፤
ነገም አረንጓዴ፤ ከነገ ወዲያም ያው ነች።
ለጅብሪል ደወልኩኝ፤ «ምን ላድርገው?» ብለው፣
«ምንም» አለኝ ካዋሽ፣ ከነፋስ መሀል ነው፤
«እጅህን ሰብስብ፣ አለመንካት ልመድ፤
የማይታዩት ይብሉት፤ ተወው እስኪላመድ።»

የማይታዩት በሉት። መርዙ ሌላ መርዝ ሆነ፤
ያም በስድስት ሳምንቱ ለዘበ፣ ተመጠነ።
ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ቡናማ ለበሰ፣
አቧራ የመሰለ፣ ከወንጂ መንገድ የነፈሰ፤
ከዚያ አረንጓዴ ጸጉር በየድንጋዩ በቀለ፣
ከዚያ ደም የመሰለ ምንጣፍ ተከተለ።
አንዱን ስነቅል ሌላው። ማታ ማታ፣ በጥርስ ብሩሽ ስፈትግ፣
ሚስቴ ትስቅብኛለች፦ «ዓሣ ለሌለው ቤት ይህ ሁሉ ማዕረግ!»

ኢፍቱም በዚያ ወራት
አንድ ቀን ሾርባ ደፋች፣ አንድ ቀን በር ዘጋች በንዴት፤
ስሜ «እሱ» ነበረ፦ «እሱም ይመጣል ለራት?»
እሷንም በብሩሽ ልፈትግ ያማረኝ ቀን ነበር፤
የጅብሪልን «ምንም» አስቤ ተውኩት እንጂ ነገር።

ሚያዝያ ሲገባ፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣
ውሃው በየቀኑ ጣት ወረደ፤ ሙቀት ጠጣው፣ ጠጣ።
ጨው ግን አይተንም፤ የቀረው ይመራል።
በማርከር አሰመርኩ፦ እስከዚህ ይሞላል፣
ጨው በሌለው ውሃ፣ ቀስ እያለ፣ በርጋታ።
አንድ ጠዋት ስነሳ ሞልቷል፣ ሳይፈስ አንድ ጠብታ።
ከመስመሩ አጠገብ፣ በእርሳስ፣ ዘመም ብሎ
ቀኑ ተጽፏል። አልጠየቅሁም። አለፍኩ፣ ሆዴ ሞልቶ፣ አፌ ዝም ብሎ።

በሰባተኛው ወር፣ ከፓምፑ ጥግ በኩል፣
ነጥብ አየሁ፤ ሮዝማ፤ የጥፍር ቀለም ጠብታ የሚያህል።
እኔ አልዘራሁትም። ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ ተደብቆ የኖረ፣
ያን ሁሉ ቆሻሻ እያየ፣ ከኛ ጋር ያደረ።

መብራት የጠፋ ሌሊት፣ ሐምሌ ነው፣ ውጪው ዶፍ፣
ሞተሩ ጸጥ ሲል ነው የነቃሁት ከእንቅልፍ።
በዳበሳ ሄድኩ። የውሃ ድምፅ አለ።
ኢፍቱ ወንበር ላይ ቆማለች፣ እጅጌዋ የተጠቀለለ፤
በጣሳ ትቀዳለች፣ ከፍ አድርጋ ትመልሳለች፣ አየር እንዲያገኝ፣
ክንዷ እየተንቀጠቀጠ። ዞር አላለችም፤ አላየችኝ።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከጠፋ።»
«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»
«ይደክምሃል።»

ይደክምሃል።
«ይደክመዋል» አላለችም።
ጣሳውን ተቀበልኳት። እስኪነጋ ድረስ፣ እየተፈራረቅን፣
ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልተነጋገርን።

ጥቅምት ላይ ጅብሪል አንዲት ብርቱካን ዓሣ በላስቲክ አመጣ፤
ኮራሉም እንደ መዳፍ ተዘረጋ፣ ሳይጣደፍ፣ ሳይቆጣ።
ቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ በእርሳስ፣ ወር ሙሉ አንድ ዓይነት፤
የሚያሰለች ነገር ነው፤ እንደዚያ ያለ ስልቸታ ግን አላውቅም በሕይወት።

ትናንት ለሜሳ ገባ፣ እጁ ጎማ ጎማ እየሸተተ፤
ዓሣዋን ቸል ብሎ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አጮልቆ ተመለከተ።
«ያ በዶላር የገዛኸው ድንጋይ የታል?» ሲል፣ ልመልስ ስል፣
ኢፍቱ ከደብተሯ ሳትነሳ፣
«እሱ ነው» አለችው፤
«ለምዶ ነው።»