አራት ግራም

አክስቴ ደብሪቱ ከአዘዞ መጥታ፣
ጠገራ ብሯን ከመቀነቷ ፈትታ፣
«ተማሪዋ አንቺ አይደለሽ? ጉትቻ አርጊልኝ» አለች።
ብሯ በትምህርት ቤቱ ሚዛን ሃያ ስምንት ግራም ሆነች።

መምህር ይታያል እሳት ከለከለኝ፤
«እጅሽ ያልሣለውን እሳት አይሥልም» አለኝ።
የግንቡን በር ሣልሁ፤ ፖስት ካርድ መሰለና ፋቅሁት፤
ከቀሃ ወንዝ አንድ ጠጠር፣ ውሃ የላሰውን፣ አነሣሁት።

ከዚያ ጋዙ ነደደ። ብሩ ላይ ያለችው ንግሥት ላበች፤
አገጯ ላላ፣ ሻሿ ፈሰሰ፣
እንደ ዓይን አንዴ በርታ ጠብታ ሆነች።
ቀጠቀጥሁ። ሞረድሁ።
ስበይደው አንዱ ጉትቻ ቀለጠ፤ ደገምሁ።
አርብ ማታ መዘንሁ፦
ሃያ አራት።

አክስቴ ሚዛኑን እንጂ ጉትቻውን አላየችም፤
«ድሮስ የአንጥረኛ እጅ...» ብላ አልጨረሰችም።

ሽርጤን ሳህን ላይ አራገፍሁ፣
የሞረዱን ጥርስ በብሩሽ ጠረግሁ፣
ሦስቱን ግራም አገኘሁ።
አንዱ ቀረ፤
ከአውራ ጣቴ ንቃቃት፣ ከጥፍሬ ሥር አደረ፤
ሳሙና አልደፈረውም።

ትናንት መዳፌን ገልብጣ፣ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።
«ይኼም የኔ ነው» አለች፤
እጄን ግን አልለቀቀችም።