የአማቴ ስጋጃ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ደሴ ጉሟን ለብሳ፣
ከመስኮቴ በላይ ጠፍቶ የለም ጦሳ፣
ረውዳ ልጄ ከእንቅልፏ ነቅታ፣
አልጋ ጫፍ ተቀምጣ፣ ትከሻዋን አንስታ፣
አየር ትስባለች፤ ይወጣል እንደ ፉጨት፣
በበር ስር እንደሚገባ የነሐሴ ጩኸት።
ሰማያዊዋን መንፊያ ካፏ አስጠግቼ፣
«ሳቢው… ያዢው… ልቀቂ…» ትንፋሼን ገትቼ።

ሐኪሙ ጠየቀኝ፣ ካርዱ ላይ እየጻፈ፦
«ድመት አለ?» የለም።
«ሲጋራ የሚያጨስ?» የለም።
«የሻገተ ግድግዳ?»
በክረምት፣ ካልጋው ራስጌ፣ ትንሽ።
«ወለሉስ?»
ዝም አልኩ። ወለሉማ—

ወለሉማ የአማቴ፣ የአባባ ሙሄ ስጋጃ፣
ካልጋው ስር ጀምሮ እስከ መጋረጃ፤
የሰርጌ ስጦታ፣ የወረኢሉ በግ ጠጉር፣
ነጭ፣ ቡላ፣ ጥቁር፣
አራት ወር አጎንብሰው በእጃቸው የሠሩት፣
ጫፉ ላይ በቀይ ፈትል ስሜን ያስገቡት።
እንግዳ ሁሉ ደጃፍ ላይ ጫማውን አውልቆ፣
በመዳፉ እየዳበሰ፣ «ማሻ አላህ!» ይላል አድንቆ።

«ነፍሳት አሉ» አለኝ፣ «በዓይን የማይታዩ፣
ከቆዳችን ብናኝ እየበሉ የሚቆዩ።
አይነክሱም፣ አይናደፉም።
ኩሳቸው ነው የልጅሽ ጠላት።»

አፈርኩ። እኔ፣ በንጽሕና ስሜ የሚጠራ፣
የጎረቤት ሶፋ ላይ በጣቴ የምፈትሽ አቧራ!
ለካስ መጥረጊያዬ ነበር የሚያስነሳው፣
የተኛውን ትቢያ ልጄን የሚያጎርሰው።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ እኔና እንድሪስ
ስጋጃውን ጠቀለልነው፣
እንደ ሙሽራ ነው ልል ነበር፤ አይደለም፣ እንደ ሬሳ፣
በሁለት ትከሻ ተሸክመን ወጣን።
አጥር ላይ ሰቅለን በዱላ ስንመታው፣
ቡን ብሎ ሲነሳ ሰፈሩን እሳት መሰለው።
ጎረቤቴ ትርፌ፣ ባጥር በኩል፣ አፏን ሸፈነችና፣
«ይሄ ሁሉ ካንቺ ቤት ነው?» ፈገግ አለችና።

አንሶላውን በፈላ ውሃ፣
ትራሱን በቀትር ፀሐይ፣
ግድግዳውን በበረኪና እጄ እስኪላጥ።
መስኮቱን ከፈትኩ፤ የሆጤ ብርድ ሳይጠራ ገባ፣
እንደ ዘመድ ተቀመጠ።
መጥረጊያውን ጓሮ ጣልኩ፤ ከዚያ ወዲህ እርጥብ ጨርቅ ብቻ።
ረውዳ ባዶው ሲሚንቶ ላይ እየሮጠች፣
«እማ! ቤታችን መልሶ ይጮኻል!» አለች።

ሦስት ሌሊት ቆጠርኩ።
በአራተኛው ዝምታው ቀሰቀሰኝ።
ደንግጬ ሄጄ ጆሮዬን ካፏ አስጠጋሁ፣
ትተነፍሳለች። ያለ ድምፅ።
እዚያው፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ፣ ቁጭ አልኩ።

በጥር አማቴ ሊመጡ ሆነ፣ ጉልበታቸውን ሊታዩ።
«ለአንድ ሳምንት» አለ እንድሪስ፣ «እንደገና እናንጥፈው፣
የሽማግሌ ልብ አንስበር፣ ሲሄዱ እንጠቅልለው።»
ረውዳን አየሁ፤ እምቢ አልኩት።
አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር።

መጡ። ጫማቸውን እንደ ልማዳቸው አወለቁ፣
እግራቸው ሲሚንቶ ነካ፣ ቆሙ፣ ጠየቁ፦
«ሸጣችሁት?»

ነገርኳቸው። ነፍሳቱን፣ ኩሳቸውን፣
የልጅቱን ሌሊት ሁሉ።
ዝም ብለው መዳፋቸውን አዩ፣
ጠጉር ሲያባዝቱ፣ ጠጉር ሲፈትሉ የጠነከረውን።
ከዚያ ሳሉ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከሆድ የሚቆፈር፣
አርባ ዓመት «የወረኢሉ ብርድ ነው» ሲሉን የነበር።
ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠረጉና፣
«ያ ሐኪም» አሉ ቀስ ብለው፣
«ሽማግሌም ያያል?»

ስጋጃው ዛሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከቆጥ ላይ ነው።
ከመሄዳቸው በፊት ከጫፉ ቆረጡላት፣
የመዳፍ ያህል፣ ቀይ ፈትል ያለበትን፤
በፈላ ውሃ ታጥቦ መስኮት ላይ ደርቋል።
ረውዳ ፊደል ጀምራለች።
ፈትሉን በጣቷ ተከትላ ታነበዋለች፣
ሉ፣ ባ፣ ባ፣
በአንድ ትንፋሽ።