ቋሚ አድራሻ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት፣ ውርጩ ሣር ላይ ነጭቶ፣
ሌሊቱን የሰው ብረት፣ የሰውን ስሚንቶ
ስጠብቅ አድሬ፣ ጣቴ እንደ ደነዘዘ
ቀበሌ ደረስኩኝ፤ ሰልፉ እንደ ቀንድ አውጣ ቀስ ብሎ ተጓዘ።

«ስም?» አለች ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል ገና።
«እንግዳው ጌጤነህ።» ብዕሯ ደርቆ ኖሮ፣ እፍ እፍ አለችና
«ትውልድ?»
«መንዝ፣ ከጓሳ ሥር።»
«ቋሚ አድራሻ?»
እዚህ ላይ ዝም አልኩኝ። ጠፋኝ መመለሻ።

ምን ልበላት እኔ? በስድስት ዓመት ውስጥ ሰባት ቤት ቀየርኩኝ፤
አንዱ ልጄ መጣ ብሎ አስወጣኝ፣ አንዱ ጥር ላይ ጨመረብኝ።
ፍራሼን የሚጭነው የጋሪው ፈረስ እንኳ
ሳይመሩት ይቆማል፤ የደላላውን በር ለምዶት ኖሯል ለካ።
የምጠብቀው ፎቅ አራተኛ ደርሷል፤
የኔ ጣሪያ ላስቲክ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ያፏጫል።

መንዝ ልበል? አባቴ ያረፈበት ቦታ
መንገድ ያልፋል ተብሎ፣ በሦስት ቀን ማስታወቂያ፣ ዐፅሙ ተነሣ በማታ።
በማዳበሪያ ከረጢት አቅፌ ሳሻግረው
ቀለለኝ። ያ ጎበዝ፣ በሬ የሚጥለው።
ሙት እንኳ በጉድጓዱ ተከራይ ከሆነ
ቋሚ የሚባል ቃል በማን አፍ ታመነ?

«ባዶ አይሆንም» አለች፣ ጣቷ ወረቀት ላይ ቆሞ።
«ጊዜያዊ በይው» አልኳት፣ «ከላይም ከታችም።» ሳቀች፤ «አንተ ደግሞ!»
ስትስቅ ሻርፗ ተፈታ፤ ካንገቷ ሥር ወጣ
ጥቁር ክር፣ ማተቧ፣ እጥበት ያገረጣ።

ሳያት አየችኝ። ሰልፈኛው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እናቴ ታማለች፣ ከመስከረም ጀምሮ አልወረደች ካልጋ፤
ደጅ ስትስም አስባት፤ ወለተ ሐና በላት።
ያንተንስ ማን ልበል?»
ሰጠኋት።
ቅጹ ላይ የሌለውን፣ ካህን በአርባ ቀኔ ውሃ ውስጥ የሰጠኝን፣
አፈር ሲጫነኝም በፍትሐት የምጠራበትን፣
አሠሪ የማያውቀው፣ ደላላ ያልሸጠው፣
«ገብረ ኪዳን» አልኳት። ከቀን መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ ጻፈችው።

ማኅተሙን አሳረፈች፤ ድው አለ ጠረጴዛው።
አንዲት ሰረዝ ነበር የቋሚውን መስመር የያዘው።

ወጣሁ። ውርጩ ቀልጦ ከቆርቆሮው ጫፍ ይንጠባጠባል።
ኪራዬ ነገ ነው፤ የእትዬ ዘነበች አፍ ከወዲሁ ይሰማኛል።
ያላየሁት ቤት አለ፣ ቁልፉ ያልተሰጠኝ፤
በዚያኛው ስሜ ነው ባለቤቱ የሚያውቀኝ።
መቼ እንደሆን እንጃ።
እስከዚያው እሄዳለሁ፣ እግሬ እየዛለ፤
ኪሴ ውስጥ ሁለት ዓመት፣ ባንገቴ ክር አለ።