ፐ

ኮከቧ ተቆጥሮ፣ ሰዓቷ ተሰላ፤
ፊደል ወረደላት፦ «ፐ» ብቻ እንጂ ሌላ
የለም። በኛ ገበታ ላይ፣ ከመስመሩ ጅራት
ቁጭ ያለች ፊደል ናት፣ ቃል ያልተረፈላት።

በብሃቭናጋር ስም የምታወጣው
የአባት እኅት ናት።
ኮኪላ ግን ስም ነበራት፤
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከሣጥኗ ሥር
ከአንዲት ሚጢጢ ቀሚስ ጋር
አጥፋ ያስቀመጠችው፣
ላልመጣችው ልጇ፦
ሬቫ።

ልጆች አራት ሆነው የጨርቁን ጫፍ ይዘው
ከዋርካ ቅጠል ጋር እሹሩሩ ሲሏት፣
«ፑርቪ ትባል!» «ፓና!» ሴቶቹ ሲሻሙላት፣
ጎንበስ አለች ኮኪላ።
አንዴ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ፣
«ሬቫ» አለቻት በጆሮዋ።
ቀና ብላ ደግሞ፣ ጎረቤት እንዲሰማ፣
«ፓሩል!»

ሕፃኗ አስነጠሰች።
ለየትኛው ስም እንደሆን
ኮኪላ አልጠየቀች።